ድንቹ ከጓሮ፣ ጥብሱ ከሱቅ

በገበያ ቀን ማለዳ ድንች በማዳበሪያ ከረጢት ተጭኖ ከገጠር ወደ ከተማ ይገባል። ከሰዓት በኋላ አርሶ አደሩ ወደ ቀየው ሲመለስ ለልጆቹ ከሚይዛቸው ነገሮች አንዱ በላስቲክ የታሸገ የድንች ጥብስ ነው። ጠዋት በኪሎ የሸጠውን ምርት ማታ በግራም ገዝቶ ይገባል።

በአዊ፣ በምዕራብ ጎጃምና በደቡብ ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች ድንች በስፋት ይመረታል። የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከልም ጓሳና ዘንገና የተባሉ ዝርያዎችን አውጥቷል። ምርቱ በአንድ ጊዜ ሲደርስ ዋጋው ይወርዳል፤ የታሸገው ጥብስ ግን በዚያው ልክ አይረክስም።

ልዩነቱን ለማየት ቀላል ስሌት ይበቃል። ጥሬ ድንች ከአምስት እጁ አራት እጅ ያህሉ ውኃ ነው። በዘይት ሲጠበስ ውኃው ይወጣል፤ በምትኩ ዘይት ይገባል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ስስ ጥብስ ለማግኘት አራት ኪሎ ገደማ ጥሬ ድንች ያስፈልጋል። 50 ግራም የሚመዝን አንድ እሽግ የሚወጣው ከ200 ግራም ገደማ ድንች ሲሆን፣ አምስት እሽግ የገዛ ሰው የአንድ ኪሎ ድንች ጥብስ ገዛ ማለት ነው። የአምስቱን እሽግና የአንዱን ኪሎ ዋጋ በየአካባቢው ገበያ ማነጻጸር ለማንም አይከብድም።

እርግጥ ነው፣ በእሽጉ ዋጋ ውስጥ የዘይት፣ የማሸጊያ፣ የጉልበትና የማጓጓዣ ወጪ አለ። ድንቹም ምድጃውም በእጁ ላለ ቤተሰብ ግን ይህን ሁሉ መክፈል ግድ አይደለም። አትክልት መጥበስም ለገጠሩ እንግዳ ሥራ አይደለም፤ ድንች በረመጥ ቀብሮ መብላትን እረኛ ሁሉ ያውቀዋል።

በቤት ለመጥበስ ድንቹ በደንብ ይታጠባል፤ ካሮትና ቀይ ሥር ካሉም ተልጠው አብረው ይከተፋሉ። ቁራጮቹ እኩል ቢሆኑ እኩል ይበስላሉ። ካሮትና ቀይ ሥር ስለሚዘገዩ ከድንቹ ቀጠን ማለት አለባቸው። የተከተፈው በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል፤ እርጥበት ከቀረበት ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ለአንድ ኪሎ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ጥቂት ጨው በቂ ነው።

እንጀራ ተጋግሮ ሲያበቃ የሚቀረው ፍም ለዚህ ሥራ ይሆናል። ብረት ምጣድ ተጥዶ አትክልቱ ሳይደራረብ ይዘረጋል። መጀመሪያ 15 ደቂቃ ያህል ተከድኖ ውስጡ ይበስላል፤ ከዚያ ክዳኑ ተነሥቶ እየተገላበጠ ይቀላል። ሽንኩርት፣ ቃሪያና የጥብስ ቅጠል ወደ መጨረሻ ይጨመራሉ። በርበሬ ቶሎ ስለሚያር ከወረደ በኋላ ይነሰነሳል። ኦቭን ያለው የከተማ ነዋሪ ደግሞ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ቢያቆየው ይደርስለታል። ቅቤ ስለማይገባበት ለጾምም ይሆናል።

ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ነገር አለ። አረንጓዴ የሆነ ወይም ብዙ የበቀለ ድንች ሶላኒን የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር ይበዛበታል፤ መርዙ በመጥበስ አይጠፋም። ስለሆነም ለምግብ የሚቀመጠው ድንች ብርሃን በማይገባበት፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይቀመጥ። ለዘር የሚቀመጠው ግን ስስ ብርሃን ስለሚፈልግ ሁለቱ መቀላቀል የለባቸውም።

ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል፤ ድንች ግን ከዚህ አይቆጠርም። ለዚህ ነው ካሮቱም ቀይ ሥሩም ከድንቹ ጋር ወደ ምጣዱ መግባት ያለባቸው። በካሮት ውስጥ ያለውን፣ ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጠውን ንጥረ ነገር ሰውነት በደንብ የሚጠቀምበት ከጥቂት ዘይት ጋር ሲበላ ነው።

በ2007 ዓ.ም ይፋ የሆነው የሰቆጣ ቃል ኪዳን እስከ 2022 ዓ.ም የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት ያለመ ነው። ዓላማው እንዲሳካ የወረዳና የቀበሌ ባለሙያዎች ምክር ከማሳ አልፎ ምድጃ መድረስ ይኖርበታል። በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላት ስለ ዘርና ማዳበሪያ ሲመከር፣ የግብርናና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በጋራ የምግብ ዝግጅት ሠርቶ ማሳያ ቢያክሉበት የሚጠይቀው አንድ ብረት ምጣድና ከማዕከሉ ማሳ የሚነቀል አትክልት ነው። ሠርቶ ማሳያው እናቶችን ብቻ ሳይሆን አባቶችንም ቢያሳትፍ መልካም ነው፤ በብዙ ቤት ምን ተሽጦ ምን ይቅር የሚለውን የሚወስኑት እነሱ ናቸውና።

ለአርሶ አደሩ ቤተሰብ ግን መጀመሪያው ቅርብ ነው፦ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከረጢቱ ከመሰፋቱ በፊት ለቤት የሚሆን ጥቂት ኪሎ ማስቀረት።