ተጨማሪ መረጃ፦ ሐድያና ቤተ እስራኤል በአንድ ዜና መዋዕል

የዐፄ ዓምደ ጽዮን (1314–1344 እ.ኤ.አ.) ዜና መዋዕል ለዘመናት በብራና ከቆየ በኋላ ፈረንሳዊው ዡል ፔሩሾን በ1889 እ.ኤ.አ. ግዕዙን ከትርጉሙ ጋር አሳተመው። ለሆሳዕና ተማሪ ታሪኩ ሩቅ አይደለም፤ አልገብርም ያለው የሐድያው ገዥ አማኖ እዚያው ተጽፏል። በስሜን፣ በወገራ፣ በጸለምትና በጸገዴ «እንደ አይሁድ» ተብለው በተገለጹ ሰዎች ላይ ንጉሡ ጦር መላኩንም ዜና መዋዕሉ ይናገራል፤ ብዙ ተመራማሪዎች ከቤተ እስራኤል ታሪክ ጋር ያያይዟቸዋል። ጸሐፊው የንጉሡ ወገን ስለሆነ ተሸናፊዎቹን የሚገልጽባቸውን ቃላት በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ለሐድያም ለቤተ እስራኤልም ይህ እኩል ይሠራል። በ1860ዎቹ ቤተ እስራኤልን የጎበኘው ተመራማሪ ዮሴፍ ሃሌቪ ደግሞ ዐፄ ሠርጸ ድንግል በ16ኛው ክፍለ ዘመን እነዚሁን ቤተ እስራኤል የወጉበትን ታሪክ ለይቶ በ1907 እ.ኤ.አ. በፓሪስ አሳትሟል።