የደንገል ታንኳ ላለው ቤተ ሰብ

በቅሎ ወይም መኪና ያለው ሰው ስለ አያያዙ የሚመክረው አያጣም። ታንኳ ያለው ግን ጥቂት ነው፤ ይልቁንም ከባሕር ርቆ በዱርቤቴ ተቀምጦ ታንኳ የገዛ ከእኛ በቀር የለም እየተባለ ይሳቅብናል። ስለዚህ በገንዘባችንና በልጃችን ድንጋጤ የተማርነውን ለአንባቢዎቻችን መጻፍ ተገቢ መስሎ ታየን።

ታንኳዪቱን የገዛናት በባሕር ዳር ከሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ነው። እርሳቸውም ከወይጦ ወገን ናቸው፤ የጣናን ታንኳ አሠራር ጠብቆ ያቆየው በተለይ ይህ ወገን ነው። ነገር ግን ጉማሬ በላ እየተባለ ሲናቅ ኖረ፤ የናቀውም ሰው ባሕሩን የሚሻገረው እነርሱ በሠሩት ታንኳ ነበረ። በእኛም ቤት ሽማግሌው ሲመጡ ቡና ይቀርብላቸው የነበረው በተለየ ሲኒ እንደ ሆነ አንደብቅም።

ደንገል በውኃ ዳር የሚበቅል፥ አገዳው ሦስት ማዕዘን የሆነ ረዥም ተክል ነው፤ ውስጡ እንደ ቡሽ አየር የመላበት ስለ ሆነ ይንሳፈፋል። ታጭዶ በፀሐይ ከደረቀ በኋላ በነዶ በነዶ ይታሰራል፤ ነዶዎቹም በገመድ ተጠፍረው አፍንጫዋ ወደ ላይ ይቀናል። ተቀማጩና ጭነቱ እንዳይርስ ከውስጥዋ ሌላ ደንገል ይነጠፋል። መቅዘፊያዋ ረዥም በትር ነው፤ ጥልቀት በሌለው ስፍራ መሬቱን ይገፉበታል፥ በጥልቁም ግራና ቀኝ ይቀዝፉበታል። እንደ እንጨት ጀልባ ውኃ ስለ ገባባት ብቻ አትሰጥምም፤ ውኃው በነዶው መካከል ገብቶ ይወጣልና። የምትሰጥመው ደንገሉ ራሱ ውኃ ሲጠጣ ነው፤ ይህም ቀስ በቀስ ስለሚሆን ባለቤቱን ያታልላል። ስለዚህ ከሥራ በኋላ ከባሕር ወጥታ መድረቅ አለባት። እንዲህም ተደርጎ ዕድሜዋ በወራት ይቆጠራል፤ ዓመት የሞላት አሮጊት ናት።

ነገሩ ጥንታዊ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ በ18ኛው ምዕራፍ ከኢትዮጵያ ወንዞች ማዶ ስላለችው ምድር ሲናገር የደንገልን መርከብ ያነሣል። በዘመናችንም ቶር ሄየርዳል የሚባል የኖርዌይ ሰው ከጣና የታጨደ ደንገል ወደ ግብፅ አስወስዶ፥ ከቻድ ሐይቅ በመጡ ባለ ሞያዎች እጅ፥ በፒራሚዶች አጠገብ ራ የተባለች ባለ ሸራ መርከብ አሠራ። በ1961 ዓ.ም. ሰባት ሰዎች ሆነው ከሞሮኮ ወደብ ከሳፊ ተነሡ። የጥንት ግብፃውያን የመርከቢቱን ጅራት ከወለሏ ጋራ በገመድ ወጥረው ቀጥ ያደርጉ ነበር፤ የዚህ ገመድ ጥቅም ሳይስተዋል ስለ ቀረ የራ ኋላ እየዘቀጠ ሄደና አትላንቲክን ተሻግረው ሊጨርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ትተዋት ወጡ። በ1962 ዓ.ም. ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሰዎች የሠሯት ሁለተኛዪቱ ራ ግን በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰች። እነዚህ ተጓዦች የተረዱት አንድ ነገር ነበረ፤ እጅግ የደረቀ ደንገል ሲታጠፍ ይሰበራል፥ የራሰው ግን እንደ ገመድ ይጠነክራል። ይህን እኛ በሚስዮን ትምህርት ቤት በተማርነው እንግሊዝኛ አንብበነው ነበር። በሥራ ላይ ግን አላዋልነውም።

ክረምቱ ሲገባ ታንኳችንን በጭነት መኪና ላይ አስጭነን በመራዊና በወተት ዓባይ በኩል ወደ ዱርቤቴ አመጣናት። ከደረቀች ደኅና ናት ብለን በጎተራው አጠገብ አራት ወር ሙሉ አስቀመጥናት። አይጥ ገመዷን በላ፤ ደንገሉም ከመድረቅ ብዛት እንደ ገለባ ሆነ። እኛም የተበላውን በሲባጎ ቋጠርንና በኅዳር ወር ወደ ባሕር መለስናት። ሽማግሌው በጣታቸው ጫን አሏትና፥ «ጌታዬ፥ ይህች ለማገዶ ነው እንጂ ለሰው አትሆንም» አሉን። በፍርድ ቤት የባለ ሞያ ምስክርን ቃል ስንጽፍ የምንውል ሰዎች ነን፤ የእርሳቸውን ቃል ግን አልሰማንም። የአዲስ ታንኳ ዋጋ እያሳሰበን «ለዛሬ ብቻ» አልን።

ጣና በማለዳ ጸጥ ይላል፥ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ ባለ ታንኳዎችም ይህን ስለሚያውቁ በማለዳ ይሻገራሉ። እኛ ከአሥራ ሦስት ዓመት ልጃችን ጋራ የተነሣነው በስድስት ሰዓት ነበረ። ወደ ክብራን ደሴት አቅጣጫ ጥቂት እንደ ሄድን ማዕበሉ አንሥቶ ሲጥላት ከወገቧ ላይ ደንገሉ ሲሰበር ሰማን። ግራ ጎኗ ዘቀጠ፤ ውኃውም ከተቀመጥንበት ወገባችን ደረሰ። ልጃችን፥ «አባዬ፥ ዋና አልችልም እኮ» አለን። እኛም እንደማንችል አልነገርነውም።

የሽማግሌው ልጅ ከዘጌ ማገዶ ጭኖ ሲመለስ አየን። ቦታ ለማስለቀቅ የጭነቱን እኩሌታ ወደ ባሕር ጣለና ልጃችንን አሳፈረ፤ እኛንም ከነታንኳችን በገመድ እየጎተተ ከዳር አደረሰን። የማገዶውን ዋጋ እንዲቀበለን ብዙ መለመን አስፈለገን።

በጥር ወር አባትና ልጅ ዱርቤቴ መጥተው ቤታችን አደሩ። ባለቤታችን ያን የተለየ ሲኒ ከረከቦቱ ላይ አንሥታ ወዴት እንዳደረገችው አልጠየቅናትም፤ ቡናው ለሁሉም በአንድ ዓይነት ሲኒ ተቀዳ። በዚያም ቀን ስለ አዲስ ታንኳ ተነጋገርን። ሽማግሌው እርሻው እስከ ውኃው አፍ ስለ ደረሰ ደንገሉ እየራቀ መሄዱን፥ እምቦጭ የሚሉትም አረም ባሕሩን ማስቸገሩን ነገሩን፤ ስለዚህ ዋጋው ከፊተኛው ይበልጣል አሉ። እኛም አልተከራከርንም። ሁለት ነገር ብቻ አስገደዱን፤ ታንኳዪቱ ከደጃቸው እንዳትወሰድ፥ አባትና ልጅም ዋና ሳንማር ከዳርቻው እንዳንርቅ።

ልጃችን በሦስት ሳምንት ተማረ። እኛ ግን አርባ ዓመት አልፎን ስለ ጀመርነው እስካሁን የታንኳዪቱን ጠርዝ ይዘን እግራችንን እናንቦጫርቃለን፤ ሽማግሌውም ከዳር ቆመው «ገና ነው፥ ጌታዬ» ይሉናል።