ስለ መንጋጋ መጋጠሚያ ጠባይና ሕመም

በካልጋሪ ከተማ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፥ በኮርነርስቶን ሰፈር የሚኖር ወገናችን፥ ሌሊቱን በመጋዘን ሥራ ወይም በታክሲ መሪ ላይ አሳልፎ፥ በዚያ አጥንት ሰርሳሪ ብርድ ጥርሱን ነክሶ ከቤቱ ከገባ በኋላ፥ ለቁርስ አፉን በከፈተ ጊዜ ከጆሮው ሥር «ቀጭ» የሚል ድምፅ ቢሰማ፥ አስቀድሞ ጆሮውን፥ ቀጥሎም ጥርሱን ይጠረጥራል እንጂ፥ የሁለቱ ጎረቤት የሆነውን የመንጋጋ መጋጠሚያ የሚያስታውሰው ከስንት አንዴ ነው።

ሥፍራውን ለማወቅ የሚወድ አንባቢ፥ ሌባ ጣቱን ከጆሮው ቀዳዳ ፊት አኑሮ አፉን ይክፈትና ይዝጋ፤ ከጣቱ ሥር የሚንቀሳቀሰው የታችኛው መንጋጋ ራስ ነው። በመካከለኛው ጆሮ ከተሸሸጉት ደቃቅ ዐፅሞች በቀር፥ ከራስ ቅል ዐፅሞች ሁሉ መንቀሳቀስ የተሰጠው ለዚህ ለአንዱ ብቻ ነው፤ ጥንካሬውንም ለመመስከር፥ ሶምሶን አንድ ሺህ ሰው የጣለው በአህያ መንጋጋ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

ይህ ዐፅም በግራና በቀኝ ሽቅብ ወጥቶ ሞላላ ራስ ያበጃል፤ ያም ራስ በጆሮ ግንድ ዐፅም ግርጌ ካለው ጎድጓዳ ሥፍራ ይገባል፤ ከጎድጓዳውም ፊት ትንሽ ጉብታ አለች። በሁለቱ ዐፅሞች መካከል፥ ማህሉ ስስ ዳርና ዳሩ ወፍራም የሆነ፥ ሐኪሞች ዲስክ የሚሉት ጽኑ ንጣፍ ገብቶ መጋጠሚያውን ላይኛና ታችኛ ክፍል አድርጎ ይከፍለዋል። አፍ መከፈት ሲጀምር፥ ፊተኛውን 20 ወይም 25 ሚሊሜትር ያህል፥ የመንጋጋው ራስ በታችኛው ክፍል ባለበት ይዞራል፤ ከዚያ ሲያልፍ ግን ዲስኩን ይዞ በላይኛው ክፍል ወደ ጉብታዋ ይንሸራተታል። መዞርንና መንሸራተትን ያስተባበረ ይህ ድርብ ጠባይ ባይኖረው፥ ቆሎ መቆርጠምም ሆነ በማኅሌት ቆሞ ዜማ ማንሣት እንደዚህ ባልቀለለን ነበር። ግራና ቀኙ በአንድ ዐፅም የተያያዙ ስለ ሆኑም፥ በአንድ ቀንበር እንደ ተጠመዱ በሬዎች አንዱ ሲያነክስ ሁለተኛው ቀጥ ብሎ መሄድ አይሆንለትም፤ የግራ ዲስኩ የተቆለፈበት ሰው አፉን ሲከፍት አገጩ ወደ ግራ የሚያዘነብለው ስለዚህ ነው። ጤነኛ ሰው አፉን ከ40 እስከ 55 ሚሊሜትር፥ ማለትም በገዛ ጣቱ ሲለካ ሦስት ጣት ያህል ይከፍታል።

ስለ ድምፁ ብዙ ሰው በከንቱ ይሸበራል። ዲስኩ ወደ ፊት ሲያፈነግጥ፥ የመንጋጋው ራስ ተንሸራቶ ተመልሶ ከሥሩ በሚገባበት ቅጽበት ይጮኻል፤ ሥቃይ እስከሌለውና አፍ እስከተከፈተ ድረስ ግን፥ ይህ ጩኸት በብዙ ጤነኞች ዘንድ የሚገኝ ነገር እንጂ ሕክምና የሚያሻው ደዌ አይደለም። ዲስኩ መመለስ ተስኖት ድምፁ በድንገት ጠፍቶ አፍ ከሁለት ጣት በላይ አልከፈት ቢል ግን፥ ያ ዝምታ ከጩኸቱ ይልቅ ያሳስባል። ከሁሉ የሚበዛው ደግሞ የጡንቻ ሕመም ነው፤ በጭንቀት ጥርስን መግጠም፥ በእንቅልፍ ማፋጨት፥ ማስቲካም ሆነ ጫት ሲያኝኩ መዋል ያባብሰዋል፤ ከ20 እስከ 40 ዓመት ባሉ ሴቶች ዘንድም ይበረታል።

እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1934 ጄምስ ኮስተን የተባለ የሴንት ሉዊስ የጆሮና የጉሮሮ ሐኪም፥ የጆሮ ሕመምንና ማዞርን ጭምር ከመንጋጋ ጥርሶች መጉደል ጋር አያይዞ ጻፈ፤ ስሙ ለሕመሙ መጠሪያ ሆኖ ቢቆይም፥ የሰጠው ምክንያት በኋለኞቹ ሊቃውንት ዘንድ አልጸናም። በ1980ዎቹም የታመመውን ዲስክ አውጥቶ ቪቴክ የሚባለው ኩባንያ የሠራውን ቴፍሎን ያለበት ምትክ ማስገባት ተለምዶ ነበር፤ ምትኩ በመንጋጋው ግፊት እየተሰባበረ ዐፅሙን ስላስበላው፥ የአሜሪካ መንግሥት በ1990ዎቹ መባቻ ከገበያ እንዲወጣ አደረገ። በዚህ መጋጠሚያ ታሪክ የችኩል እጅ ያደረሰው ጉዳት ቀላል አይደለም።

ሰው አፉን ያለ ልክ ከፍቶ ሲያዛጋ፥ የመንጋጋው ራስ ጉብታዋን ተሻግሮ መመለሻ ሊያጣ ይችላል። በአገር ቤት ወጌሻ የሚጠራበት ይህ ውልቃት፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ዓመት ገደማ በተጻፈው፥ ኤድዊን ስሚዝ በሚባለው የግብፃውያን ፓፒሩስ ውስጥ ከነሕክምናው ተመዝግቧል፤ አውራ ጣትን ከኋለኛ ጥርሶች ላይ አኑሮ ወደ ታችና ወደ ኋላ መግፋት ዛሬም በሆስፒታል የሚሠራበት ነው። የኮርነርስቶን ሰው ግን እርስ በርስ ከመሞካከር ይልቅ፥ በዚያው በሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪ ወዳለው ወደ ፒተር ላውሂድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ቢሄድ ይሻለዋል። መንጋጋ ቆልፍ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ በቁስል የገባ ተሕዋስ መርዙን ረጭቶ ጡንቻን የሚያኮማትርበት፥ በክትባት የሚገታ ገዳይ በሽታ ነው። ኖማ ደግሞ በምግብ እጦት የተጎዱ ሕፃናትን ጉንጭ በልቶ፥ ከሞት የተረፉትን መንጋጋቸውን በጠባሳ አስሮ ይተዋል፤ በኢትዮጵያ ገጠር ዛሬም የሚገኘው ይህ ደዌ ከዓለም የጤና ድርጅት የተዘነጉ በሽታዎች መዝገብ የገባው ገና በዲሴምበር 2023 ነው።

የተለመደው የመጋጠሚያ ሕመም በአብዛኛው በትዕግሥት ይሸነፋል፤ መድኃኒቱም ለጥቂት ሳምንታት ለስላሳ ምግብ መብላት፥ በሞቀ ጨርቅ መተኮስ፥ ከንፈርን ገጥሞ ጥርስን አላቆ መዋል፥ ሲያዛጉም አገጭን በእጅ መደገፍ፥ ካስፈለገም ሌሊት ከጥርስ ላይ የሚለበስ የፕላስቲክ ሽፋን በልክ ማሠራት ነው። በአልበርታ 811 የደወለ ሰው በአስተርጓሚ ነርስ ያነጋግራል። የግል መድን የሌላቸውና የቤተ ሰባቸው የተጣራ ገቢ ከ90,000 ዶላር በታች የሆነ ሰዎች፥ ወጪውን በከፊል ወይም በሙሉ ለሚሸፍነው ለፌዴራሉ የጥርስ ሕክምና ዕቅድ ማመልከት ይችላሉ፤ የትኛው ሕክምና እንደሚሸፈን ግን ከወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ አስቀድመው ይጠይቁ። ጤነኛ ጥርስዎን ልሞርድ ወይም መጋጠሚያውን ልቅደድ የሚል ሐኪም ቢገጥምዎ፥ ሌላ ሐኪም ሳያማክሩ እሺ አይበሉ።