ወንበር ለማግኘት አገር የገዙት ልዑል

ነገሩ ሲጀመር ተራ የመሬት ሽያጭ ነበር። ሻጮቹ ዕዳ ያጎበጣቸው የሆኸንኤምስ መሳፍንት ናቸው። ገዢው ደግሞ በቪየና ከታወቁት ከበርቴዎች አንዱ የነበሩት ልዑል ዮሐን አዳም ሊክተንስታይን ናቸው። ልዑሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1699 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የሸለንበርግን ይዞታ በ115 ሺህ ጉልደን ገዙ። ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1712፣ ለጎረቤቱ ለቫዱዝ ይዞታ 290 ሺህ ጉልደን ከፈሉ።

መሬቱ ይህን ያህል የሚያጓጓ አልነበረም። ከፊሉ የራይን ወንዝ በየጊዜው የሚያጥለቀልቀው ረግረግ፣ የቀረው ደግሞ ገደላማ ተራራ ነው። ልዑሉ በሞራቪያና በቦሄሚያ ከዚህ እጅግ የሚሰፋና የሚለማ ርስት ነበራቸው። ታዲያ ምን ፈልገው ነው? በገበያ ውስጥ የኖረ አንባቢ መልሱን ለመገመት አይቸገርም። ሱቅ አንዳንድ ጊዜ የሚገዛው ለግድግዳው ሳይሆን አብሮት ለሚተላለፈው ፈቃድ ነው። እነዚህ ሁለት ይዞታዎች ከንጉሠ ነገሥቱ በቀር በላያቸው ሌላ ጌታ አልነበራቸውም። እንዲህ ያለ መሬት የያዘ ቤተሰብ በቅዱስ ሮማ ግዛት ምክር ቤት ወንበር ያገኛል። የልዑሉ ሌላ ሀብት ሁሉ ይህን ወንበር ሊያስገኝላቸው አልቻለም ነበር።

ዮሐን አዳም በዚያው በ1712 ስለሞቱ ፍሬውን አላዩም። ንጉሠ ነገሥት ካርል 6ኛ ሁለቱን ይዞታዎች አዋህደው ልዑላዊ ግዛት ያደረጓቸው ጥር 23 ቀን 1719 ነው። ስሟም በገዢዎቹ ቤተሰብ ስም ሊክተንስታይን ተባለ። ከዚያ በኋላ ልዑላኑ በቪየና መኖራቸውን ቀጠሉ። በዙፋን ላይ ያለ ልዑል ለመጀመሪያ ጊዜ አገሩን መጥቶ ያየው በ1842 ነው ይባላል። ባለቤቱ ንብረቱን ሳያይ ከ120 ዓመት በላይ አለፈ ማለት ነው።

ያች በስዊዘርላንድና በኦስትሪያ መካከል የተሸጎጠች አገር ዛሬም አለች። የቆዳ ስፋቷ 160 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ የአዲስ አበባን ሢሶ አታክልም። ከጫፍ እስከ ጫፍ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኗ ጠዋት ከደቡቡ ድንበር በእግሩ የተነሳ ሰው ለእራት ከሰሜኑ ይደርሳል። በምዕራብ ራይን ከስዊዘርላንድ ይለያታል፤ በምሥራቅ የአልፕስ ተራሮች ናቸው፤ ከሁሉም የሚበልጠው ግራውሽፒትስ 2,599 ሜትር ከፍታ አለው። ሕዝቧ 40 ሺህ ገደማ ነው። ከሦስቱ አንዱ የውጭ ዜጋ ነው። ቋንቋው ጀርመንኛ፣ የብዙኃኑ ሃይማኖት ካቶሊክ ነው። ዋና ከተማዋ ቫዱዝ ስድስት ሺህ ነዋሪ እንኳ የላትም፤ ጎረቤቷ ሻን በነዋሪ ብዛት ትበልጣታለች። የአውሮፕላን ማረፊያ የለም። ባሕርም የለም። እንዲያውም ጎረቤቶቿ ራሳቸው ባሕር አልባ ስለሆኑ ዕቃ ወደብ እስኪደርስ ቢያንስ ሁለት ድንበር መሻገር አለበት። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ዕጣ የገጠማት ሌላዋ አገር ኡዝቤኪስታን ብቻ ናት። ወደብ ማጣት የሚያስከትለውን ወጪ ለዚህ አገር ነጋዴ ማስረዳት አያስፈልግም።

ይህች አገር ራሷ ልታቋቁመው የማትችለውን ነገር ሁሉ ከጎረቤት ትዋሳለች። ከ1852 ጀምሮ ጉምሩኳን ከኦስትሪያ ጋር አዋህዳ፣ በኦስትሪያ ገንዘብ ትገበያይ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የኦስትሪያ ክሮነ ዋጋ ሲወድቅ የገበሬውና የነጋዴው ቁጠባ አብሮ ተነነ። ቫዱዝም ፊቷን ወደ ምዕራብ አዞረች። በ1923 ከስዊዘርላንድ ጋር የጉምሩክ ውል ተፈረመ፤ በ1924 የስዊስ ፍራንክ ሕጋዊ መገበያያ ሆነ። እስከ ዛሬም የራሷ ማዕከላዊ ባንክ የላትም። ኤምባሲ ባልከፈተችባቸው አገሮች ጉዳይዋን የምትከታተልላት ስዊዘርላንድ ናት። አገሪቱን የሚያቋርጠውን ባቡር የሚያንቀሳቅሰው የኦስትሪያ ምድር ባቡር ነው። ሠራዊቷን በ1868 በትናለች። በ1866 ዘምተው ከነበሩት 80 ወታደሮች 81 ሆነው ተመለሱ፣ በመንገድ ላይ አንድ ወዳጅ አፍርተው ነበር እየተባለ ይቀለዳል።

ታዲያ ሁሉን ከተዋሰች የምትሸጠው ምንድን ነው? የፖስታ ቴምብር ከ1912 ጀምሮ ሸጣለች፤ ገቢው ቀላል አልነበረም። ዋናው ሸቀጧ ግን በ1699 የተገዛው ያው ነገር ነው፦ በላይዋ ሌላ ጌታ ስለሌለባት ሕግ የማውጣት መብቷ የራሷ ነው። በ1926 የሰዎችና የኩባንያዎች ሕግ የሚባለውን አወጣች። በዚህ ሕግ የተፈቀዱት የድርጅት ዓይነቶች ለደላላና ለጠበቃ ሲሳይ ሆኑ። ለምሳሌ አንድ ጀርመናዊ ባለሀብት ገንዘቡን ቫዱዝ ውስጥ ላቋቋመው ፋውንዴሽን ያስረክባል። ከዚያ ወዲያ ገንዘቡ በሕግ የእሱ አይደለም። ፋውንዴሽኑ ደግሞ ባለአክሲዮን የለውም። የሚያስተዳድረው የቫዱዝ ጠበቃ ነው፤ ጥቅሙ ለማን እንደሚውል የሚገልጸው ወረቀት በጠበቃው ካዝና ይቆለፋል። ግብር ሰብሳቢ መጥቶ ይህ ገንዘብ የማን ነው ቢል፣ በሕግ ቋንቋ ሐሰት ያልሆነው መልስ «የማንም» የሚል ነበር። ግብሩ ጥቂት፣ ምስጢሩ ጥብቅ ስለነበር በአንድ ወቅት በመዝገብ የሰፈሩት ድርጅቶች ቁጥር ከነዋሪው በልጦ ነበር። ብዙዎቹ ከፖስታ ሣጥን በቀር ቢሮ አልነበራቸውም።

ልዑላኑም ከዚህ ገበያ ውጭ አልነበሩም። በ1920 የተቋቋመውንና ዛሬ ኤል.ጂ.ቲ የሚባለውን ባንክ ቤተሰቡ በ1930 ገዝቶታል። ልዑል ፍራንዝ ዮሴፍ 2ኛ በ1938 መኖሪያቸውን ከቪየና ወደ ቫዱዝ ግንብ አዛወሩ። በ1945 ቼኮዝሎቫኪያ የቤተሰቡን ሰፊ ርስት ስትወርስ እጅ አጠራቸው። በ1967 የሌኦናርዶ ዳ ቪንቺን የጂኔቭራ ዴ ቤንቺ ሥዕል ለዋሽንግተኑ ብሔራዊ የሥዕል ቤተ መዘክር ሸጡ። ልጃቸው ሀንስ አዳም 2ኛ ባንኩን አስፋፍተው የቤተሰቡን ሀብት መልሰው አቋቋሙ። ልዑሉ ከመንግሥት ደመወዝ አይቀበሉም። ይህ በዘውድ አገሮች ዘንድ እምብዛም የማይገኝ ነገር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ በፖለቲካው ውስጥ የሚያመጣውን ጣጣ ከታች እናየዋለን።

የምስጢሩ ገበያ የተናጋው በየካቲት 2008 ነው። በባንኩ የአደራ ድርጅት ይሠራ የነበረ ሰው የደንበኞችን መዝገብ ቀድቶ ወጥቶ ኖሯል። የጀርመን የስለላ ድርጅት ለመዝገቡ ከአራት ሚሊዮን ዩሮ በላይ ከፈለ። የካቲት 14 ማለዳ ፖሊሶች የዶይቸ ፖስት ዋና ኃላፊ የነበሩትን የክላውስ ጹምቪንክልን ቤት ሲፈትሹ የቴሌቪዥን ካሜራዎች ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር። ሰውየው ሥራቸውን ለቀቁ። በጥር 2009 የሁለት ዓመት የገደብ እስራትና የአንድ ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ተፈረደባቸው። የጀርመን መንግሥት የተሰረቀ ዕቃ ገዛ የሚለው ክርክር ብዙ ቀለም አስፈስሷል። ለገበያው ግን ይህ ሁለተኛ ጉዳይ ነበር። ደንበኛው የከፈለው ለምስጢር ነው፤ ምስጢሩ ደግሞ በዲስክ ተቀድቶ የሚሸጥ ሆኖ ተገኘ።

ቫዱዝ እልህ አልተጋባችም። በታኅሣሥ 2008 ከአሜሪካ ጋር የግብር መረጃ መለዋወጫ ስምምነት ፈረመች። በመጋቢት 2009 የዓለም አቀፉን የግብር መረጃ ደንብ እንደምትቀበል በይፋ አስታወቀች። ከ2011 ጀምሮ የኩባንያዎችን ግብር አንድ ወጥ 12.5 በመቶ አደረገች። በ2017 የባንክ መረጃን ሳይጠየቁ በየዓመቱ ከሚለዋወጡት የመጀመሪያዎቹ አገሮች ጋር ተሰለፈች። አገሪቱ አለቀላት ያሉ ብዙዎች ነበሩ። የልዑሉ ቤተሰብ ባንክ ብቻውን በ2023 መጨረሻ የሚያስተዳድረው የደንበኞች ሀብት ከ300 ቢሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ነበር።

እንዴት ሆነ? ይህ ጸሐፊ እንደሚያምነው ሊክተንስታይንን እንደ ባንክ ብቻ ማየት ከመጀመሪያውም ስሕተት ነበር። አገሪቱ ፋብሪካ ናት። በ1941 ሻን ውስጥ በወንድማማቾቹ ማርቲንና ኦይገን ሂልቲ የተቋቋመው ድርጅት በቀይ ሣጥን የሚሸጣቸው የግንባታ መሣሪያዎች በዓለም ዙሪያ ይታወቃሉ። እዚያው ሻን ያለው ኢቮክላር የሰው ሠራሽ ጥርስና የጥርስ ሕክምና ቁሳቁስ አምራች ነው። ኤሸን ውስጥ የመኪና መሪ ክፍሎች ይመረታሉ። በአገሪቱ ምርት ውስጥ የኢንዱስትሪው ድርሻ ከፋይናንሱ ይበልጣል። አርባ ሺህ ገደማ ሰው ባለበት ገበያ ላይ ተመሥርቶ ይህን ሁሉ ማምረት የማይታሰብ ነው፤ የሚመረተው ለውጭ ገበያ ነው። ስለዚህ የገበያ በር ጉዳይ የሞት የሽረት ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ በታኅሣሥ 1992 የሆነውን መጥቀስ ግድ ይላል። በወሩ 6ኛ ቀን ስዊስ ወደ አውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጠና እንዳይገባ ሕዝቡ በድምፁ ወሰነ። ሊክተንስታይን ድምፅ የሰጠችው በሳምንቱ ነው። ጉምሩኳም ገንዘቧም ከስዊስ ጋር የተሳሰረ ነውና ተከትላ እምቢ ትላለች ተብሎ ሊጠበቅ ይችል ነበር። ሕዝቡ ግን እሺ አለ። ከስዊስ ጋር ያለውን ውል ለማሻሻል ከሁለት ዓመት በላይ ፈጀ፤ በ1995 ጉዳዩ እንደገና ለሕዝብ ቀርቦ ጸደቀና ግንቦት 1 ቀን አገሪቱ አባል ሆነች። ከዚያ ወዲህ ቫዱዝ የተመረተ ዕቃ በአንድ በኩል የስዊስ፣ በሌላ በኩል የአውሮፓ ገበያ ዕቃ ነው። በሁለት ሱቅ መካከል የተሠራ በር እንደ ማለት ነው። በአውሮፓ ደንብ ብቻ የተፈቀደ ዕቃ በዚህ በር ወደ ስዊስ ሾልኮ እንዳይገባ የሚቆጣጠር የራሷ ቢሮ አላት።

ከስዊስ ጋር መጣበቅ ዋጋ እንዳለው ሁሉ መለየትም ዋጋ እንዳለው በነሐሴ 2025 ታይቷል። አሜሪካ ያኔ በስዊስ ዕቃ ላይ 39 በመቶ ቀረጥ ስትጥል የሊክተንስታይን 15 በመቶ ነበር። በአንድ የጉምሩክ ኅብረት ውስጥ ያሉ ሁለት አገሮች! የስዊሱም ወደ 15 እንዲወርድ ስምምነት የተደረሰው በኅዳር ነው።

ወደ ልዑሉ እንመለስ። በ1921ዱ ሕገ መንግሥት መሠረት ሥልጣኑ የልዑሉና የሕዝቡ የጋራ ነው። ምክር ቤቱ 25 አባላት አሉት፤ መንግሥቱ አምስት ሰዎች ናቸው። በ2025 ብሪጊተ ሀስ የመጀመሪያዋ ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል፤ ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙት በ1984 መሆኑን ስናስብ ጉዞው ረዥም ነበር። ምክር ቤቱ ያወጣው ሕግ ልዑሉ ካልፈረሙበት ሕግ አይሆንም። በ2003 ሀንስ አዳም ሥልጣናቸውን የሚያጠናክር ማሻሻያ ለሕዝብ አቀረቡ፤ ካልጸደቀ ወደ ቪየና እንደሚሄዱ አስጠነቀቁ። ደመወዝ የማይከፈለው፣ የራሱ ባንክ ያለው ሰው እሄዳለሁ ሲል ዛቻው ባዶ አይደለም። ከመራጩ 64 በመቶው ደገፋቸው። በ2012 የመሻር ሥልጣናቸውን ለመገደብ የቀረበው ሐሳብም በ76 በመቶ ድምፅ ወደቀ። ከአውሮፓ ምክር ቤት በኩል የሕግ ባለሙያዎች ነገሩን ክፉኛ ተችተውታል፤ ትችቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ በዚያው ማሻሻያ ሕዝቡ ዘውዱን በድምፅ የማስወገድ፣ ከ11ዱ ወረዳዎች እያንዳንዳቸውም የመገንጠል ሒደት የመጀመር መብት አግኝተዋል። ከ2004 ወዲህ የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚያከናውኑት አልጋ ወራሹ አሎይስ ናቸው።

በብድር የቆመው ቤት ቀዳዳ እንዳለበት የተሰማቸው ቀስ ብለው ነው። በሰው ገንዘብ የሚገበያይ፣ ማዕከላዊ ባንክ የሌለው አገር ችግር ቢመጣ ማን ያበድረዋል? በመስከረም 2024 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከግማሽ ጥቂት የሚበልጠው መራጭ ተስማምቶ ሊክተንስታይን በጥቅምት የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት 191ኛ አባል ሆነች። ዕዳ የሌለባት፣ ከሀብታሞች ተርታ የምትመደብ አገር የአበዳሪን ደጅ መጥናቷ ያስገርም ይሆናል። ዝናብ ሳይመጣ ጣራ መጠገን ነው።

በዚህች አገር ከሕዝቡ ቁጥር የሚበልጥ ሥራ አለ፤ መኖሪያ ግን እንደ ሥራው አይገኝም። ከአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጠና አገሮች ለሚመጡ ሠራተኞች በዓመት 56፣ ሥራ ለማይሠሩ ደግሞ 16 የመኖሪያ ፈቃድ ተመድቧል። ከዚህ ውስጥ ግማሹ የሚታደለው በዕጣ ነው፤ እንደ ዲቪ ሎተሪ ማለት ነው። ዜግነት በመደበኛው መንገድ የሚፈልግ ሰው ከዓመታት ኑሮ በኋላ የወረዳው ነዋሪዎች ድምፅ ይሰጡበታል። ስለዚህ በሻን ፋብሪካዎችና በቫዱዝ ባንኮች ከሚሠሩት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጠዋት ከስዊስና ከኦስትሪያ ይመጣሉ። ማታ ደመወዛቸውን በፍራንክ ይዘው ድንበሩን ተሻግረው ይመለሳሉ።