«ብሮድባንድ» እና ዘመዶቹ፦ ስለ ዲጂታል መረብ አገልግሎቶች ስያሜ ማብራሪያ

አንድ ባዕድ ጽንሰ ሐሳብ ወደ ቋንቋችን ሲገባ ወይ ስሙን ይዞ ይገባል፤ ወይም ስሙን ከደጅ ትቶ አገርኛ ስም ይወጣለታል። ባንክ፣ ፖስታና ራዲዮ በመጀመሪያው መንገድ የገቡ ናቸው፤ ርእዮተ ዓለምና ወዝአደር በሁለተኛው። የ«ስልክ» ታሪክ ግን ከሁለቱም ለየት ይላል። ቃሉ በዐረብኛ ሽቦ ማለት ነው። በአማርኛ ግን መሣሪያውን፣ መስመሩንና ጥሪውን ሁሉ የሚጠራ ሆኖ ቀረ፤ ዛሬ ሽቦ የሚባል ነገር የማይነካውን መሣሪያ ሳይቀር «ስልክ» ስንለው የሚቃወም የለም። የስያሜ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚሳካው ተናጋሪው የቃሉን ምንጭ ሲረሳው ነው። ይህን ነጥብ አንባብያን እንዲይዙልን እንለምናለን፤ ወደፊት እንመለስበታለንና።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በቴሌኮሙኒኬሽን መስክ «ብሮድባንድ» በሚለው ጥላ ሥር የተሰበሰቡትን የዲጂታል መረብ አገልግሎቶችና እነርሱን ለመጥራት የቀረቡትን የአማርኛ ስያሜዎች ነው። ጉዳዩ የቃላት ውበት ብቻ አይደለም። በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት በአማርኛውና በእንግሊዝኛው ቅጂ መካከል ልዩነት ሲፈጠር የበላይነት ያለው አማርኛው ነው። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ከወጣና ገበያው ከአንድ በላይ ለሆኑ አገልግሎት ሰጪዎች ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ የሚጻፉት ፈቃዶች፣ መመሪያዎችና የደንበኛ ውሎች በርክተዋል። ተርጓሚው በችኮላ የመረጠው ቃል ነገ በዳኛ ፊት ሊነበብ ይችላል።

«ብሮድባንድ» መነሻው የራዲዮና የስልክ መሐንዲሶች ቋንቋ ነው። «ባንድ» በሁለት ድግግሞሾች መካከል ያለ ክልል ሲሆን ስፋቱ በኸርዝ ይለካል። የተለመደው የስልክ ድምፅ ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ክልል ይይዛል፤ ስለዚህ ስፋቱ 3100 ኸርዝ ነው። በአየር ላይ የሚሠራጭ አንድ የቴሌቪዥን መስመር ግን ከ6 እስከ 8 ሜጋኸርዝ የሚደርስ ስፋት ይጠይቃል። ቃሉ በዚያ ዘመን ምንም ምሥጢር አልነበረውም፤ ሰፊ የድግግሞሽ ክልል ማለት ነበር።

የዲጂታል ዘዴ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ድምፅ በሴኮንድ 8000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልክ በ8 ቢት ይጻፋል፤ ውጤቱ በሴኮንድ 64 ኪሎቢት ነው። ይህ ቁጥር የዲጂታል ስልክ መረብ ጡብ ሆነ። ድምፅን፣ ጽሑፍንና መረጃን በአንድ መረብ ለማስተላለፍ የታቀደው የተቀናጀ አገልግሎት ዲጂታል መረብ የተገነባውም በዚሁ ጡብ ነው። ለአንድ ቤት ሁለት ባለ64 መስመሮችና አንድ ባለ16 የምልክት መስመር፣ በድምሩ 144 ኪሎቢት በሴኮንድ ይሰጣል፤ ለትልቅ መሥሪያ ቤት ደግሞ በአውሮፓ 2048፣ በሰሜን አሜሪካ 1544 ኪሎቢት በሴኮንድ። የመጀመሪያውን «መነሻ ልክ»፣ ሁለተኛውን «ቀዳሚ ልክ» ብንላቸው ይለያያሉ። ተርጓሚዎች ሁለቱንም «መሠረታዊ» ወደ ማለት ያዘነብላሉ፤ ያን ጊዜ ሠንጠረዡ በሙሉ ይደበላለቃል።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ዓለም አቀፉ የቴሌግራፍና የቴሌፎን አማካሪ ኮሚቴ የዚህን መረብ ቀጣይ ደረጃ ሲያቅድ «ብሮድባንድ»ን እንደገና ፈታው። በአዲሱ ፍች መሠረት ቃሉ ከቀዳሚው ልክ የበለጠ ማስተላለፍ የሚችል መስመር ለሚያስፈልገው አገልግሎት ወይም ሥርዓት የሚነገር ቅጽል ነው። አንባቢ ልብ ይበል፤ በዚህ ፍች ውስጥ ኸርዝ የለም። የስፋት መለኪያ የነበረው ቃል የቢት ብዛት መለኪያ ሆነ። ከዚያ ወዲህም ፍቹ አልረጋም። የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2010 ለተቀባዩ 4፣ ለላኪው 1 ሜጋቢት በሴኮንድ ብሎ የነበረውን ወሰን በ2015 ወደ 25 እና 3፣ በ2024 ደግሞ ወደ 100 እና 20 አሳደገው። የ2010 «ብሮድባንድ» በ2024 ሚዛን ብሮድባንድ አይደለም።

እንግዲህ በአማርኛ ምን እንበለው? «ሰፊ ባንድ» የሚለው ግማሽ ትርጉም አንዳንዴ ይታያል፤ እኛ ግን አንደግፈውም። «ባንድ» ለአማርኛ ተናጋሪ የሙዚቃ ጓድ ነው፤ በንግግር ደግሞ «በአንድ» ሲጠብቅ የሚገኘው ቃልም እርሱ ነው፤ «ባንድ ላይ» እንዲሉ። ከ«ባንዳ» ጋር ያለውን መቀራረብ የሚወድም ያለ አይመስለንም። «መቀነት»ን ያሰቡ አሉ፤ ቃሉ ያማረና አገርኛ ነው። ችግሩ ትርጉሙን ወደ ድግግሞሽ ክልል መልሶ መውሰዱ ነው፤ አዲሱ ፍች ደግሞ ከዚያ ከወጣ ቆይቷል።

ከሁሉ በላይ የተስፋፋው «ፈጣን ኢንተርኔት» ወይም «ባለከፍተኛ ፍጥነት» የሚለው ነው። ለማስታወቂያ ይበቃ ይሆናል፤ ለሙያ ግን አሳሳች ነው። ብርሃን በመስታወት ፋይበር ውስጥ በሴኮንድ ወደ 200,000 ኪሎሜትር ይጓዛል፤ የራዲዮ ሞገድ በአየር ውስጥ ወደ 300,000 ገደማ። በጉዞ ፍጥነት ከሄድን ፋይበር ተሸናፊ ነው። ብልጫው በአንድ ሴኮንድ ውስጥ በሚያሳልፈው የቢት ብዛት ላይ ነው። የሳተላይት መስመርን እንመልከት። ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎሜትር ላይ ባለች ሳተላይት በኩል የሚያልፍ መልእክት ወጥቶ እስኪወርድ ሩብ ሴኮንድ ያህል ይወስዳል። መስመሩ የፈለገውን ያህል ብዙ ቢት ቢሸከም ይህ መዘግየት አይቀንስም። ስለዚህ በሴኮንድ የሚያልፈው ብዛት አንድ ነገር፣ መልእክቱ ደርሶ መልስ እስኪመጣ የሚያልፈው ጊዜ ሌላ ነገር ነው። ለሁለተኛው «መዘግየት» የሚለው የታወቀ ቃል ይበቃናል። ሁለቱንም «ፍጥነት» ያለ ውል ግን ደንበኛው የቱን እንደገዛ አይነግረውም።

በእኛ አስተያየት አገልግሎቱ «ብሮድባንድ» ተብሎ ይቅር። ምክንያታችን ስንፍና አይደለም። ቃሉ በእንግሊዝኛ ራሱ ምንጩን ጥሎ ሄዷል፤ ወሰኑም በየጊዜው ይለወጣል። ቃሉ ለአማርኛ ተናጋሪ ዝግ ነው፤ ዝግ በመሆኑም የተሳሳተ ተስፋ አይሰጥም፤ እንደ «ስልክ» የሚሞላውን ትርጉም ከአገልግሎቱ ያገኛል። በሕግ ጽሑፍ ውስጥ ወሰኑ በቁጥር ይጻፍ፤ ቁጥሩን ስሙ እንዲሸከም አይጠየቅ።

ለባንዱ ስፋት የሚሰጠው ስያሜ ግን ከዚህ የከፋ ጉዳይ ነው። በኮምፒውተርና በእጅ ስልክ ላይ የተሠራጨው አቻ «የመተላለፊያ ይዘት» የሚል ነው። «ይዘት» በአማርኛ በዕቃ ውስጥ ያለው ነገር እንጂ ዕቃው የሚይዘው ልክ አይደለም። የመጽሐፍ ይዘት፣ የንግግር ይዘት እንላለን። በዚሁ መስክ ደግሞ ፊልሙ፣ ዜናውና ዘፈኑ ሁሉ «ዲጂታል ይዘት» እየተባለ ይጠራል። ስለዚህ «የይዘት አቅራቢው ለሚጠቀመው የመተላለፊያ ይዘት ይከፍላል» የሚል ዐረፍተ ነገር ሲያጋጥመን ከፋዩ ለፊልሙ ይሁን ለመስመሩ የሚከፍለው ለማወቅ ወደ እንግሊዝኛው መመለስ ግድ ይሆናል። አማርኛው የበላይ በሆነበት ሰነድ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። እኛ የምንመርጠው ጽንሰ ሐሳቡን ለሁለት መክፈል ነው፦ በኸርዝ ሲለካ «የድግግሞሽ ስፋት»፣ በቢት በሴኮንድ ሲለካ «የማስተላለፍ አቅም»። እንግሊዝኛ ሁለቱን በአንድ ቃል ስለሚጠራ እኛም እንድንከተለው የሚያስገድድ ሕግ የለም።

«ዲጂታል»ን በሚመለከት «አሃዛዊ» የሚለው በአፈጣጠሩ እንከን አይወጣለትም። ነገር ግን «አሃዛዊ መረጃ» በጋዜጣና በሪፖርት ቋንቋ የቁጥር መረጃ፣ ስታቲስቲክስ ማለት ሆኖ ጸንቷል። ቦታው ተይዟል፤ ስለዚህ «ዲጂታል» ይሁን።

«ኔትወርክ» በሕዝብ አፍ የስልክ ሞገድ መኖር አለመኖር ማለት ሆኗል፤ «ኔትወርክ የለም» የሚል ሰው መረቡ ፈርሷል ማለቱ አይደለም። ይህን ትርጉም ለሕዝቡ ትተን ለሙያው «መረብ»ን ብንይዝ ከ«በይነ መረብ» ጋርም ይዛመድልናል። «አውታረ መረብ» ለጆሮ የሚስማማ ቢሆንም ሁለት ስም ለአንድ ነገር ነው። «አውታር»ን የመሠረተ ልማት አውታር፣ የመንገድ አውታር እንደምንለው ለተዘረጋው አካል፣ ለኬብሉና ለምሰሶው ብንተወው የተሻለ ነው።

ወደ አገልግሎቶቹ እንለፍ። ያ የ1980ዎቹ እቅድ አገልግሎቶችን በሁለት ጎራ ከፍሏቸው ነበር፤ ክፍፍሉ ዛሬም ለስያሜ ሥራ ይጠቅማል። አንደኛው ጎራ የመስተጋብር አገልግሎቶች ነው፤ ሦስት ንዑስ ክፍሎች አሉት። ሁለት ወገኖች በአንድ ጊዜ የሚነጋገሩበትን «የምልልስ አገልግሎት» እንለዋለን፤ «ቃለ ምልልስ» ስላለ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም። መልእክቱ ተቀምጦ ቆይቶ የሚወሰድበት «የመልእክት አገልግሎት» ነው። ሦስተኛው ተጠቃሚው ከሕዝብ ማከማቻ የሚፈልገውን የሚያወጣበት ነው። ለዚህ «ሰርስሮ ማውጣት» እየተባለ ይጻፋል፤ መሰርሰር ግን የነቀዝ ሥራ ነው። «ከማከማቻ የማውጣት አገልግሎት» ቢባል ረዘም ይላል እንጂ አያስቅም።

ሁለተኛው ጎራ «የሥርጭት አገልግሎት» ነው፤ ይህም ተጠቃሚው የአቀራረቡን ጊዜና ተራ መቆጣጠር በመቻሉና ባለመቻሉ ይለያል። በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የተላለፈው ትምህርት ተቀባዩ የማይቆጣጠረው ሥርጭት ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ተማሪው ባይገባውም ትምህርቱ አይቆምለትም። (ተማሪዎቹ ትምህርቱን በሚታይበት ስክሪን ስም «ፕላዝማ» ማለታቸው ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የሚያስደስት ነው፤ ዕቃው ስሙን ለተግባሩ አወረሰ።) በዚያው ዘመን በተዘረጋው ወረዳኔት የወረዳ አስተዳደሮች በሥዕል ስብሰባ የተገናኙበት ግን የምልልስ አገልግሎት ነበር፤ በሳተላይት ለተያያዙት ወረዳዎች ያ የሩብ ሴኮንድ መዘግየት የሚሰማውም እዚህ ላይ ነው። ንግግር ተራ ይጠብቃል፤ ሥርጭት ግን ሩብ ሴኮንድ ቢዘገይ ማን ያውቃል?

ለዚያ እቅድ የተመረጠው የማስተላለፊያ ዘዴ የእንግሊዝኛ ምሕጻሩ «ኤቲኤም» ነው። ተርጓሚ ሆይ፣ የገንዘብ ማሽን አይደለም። መረጃው እኩል መጠን ባላቸው ቁርጥራጮች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ 53 ኦክቴት ሲሆን 5ቱ አድራሻውንና መሰል ምልክቶችን፣ 48ቱ ጭነቱን ይይዛሉ። 48 የተገኘው ከድርድር ነው፤ አውሮፓውያን 32፣ አሜሪካውያን 64 ፈልገው መካከሉ ተወሰደ። በ64 ኪሎቢት የሚነገር ድምፅ 48 ኦክቴት ለመሙላት 6 ሚሊሴኮንድ ስለሚፈጅበት ቁርጥራጩ በረዘመ ቁጥር ድምፁ ይዘገያል፤ የክርክሩ አንዱ መነሻ ይኸው ነበር።

የስያሜው ፈተና «አሲንክሮነስ» በሚለው ቃል ላይ ነው። «ጊዜው ያልገጠመ» ብሎ መተርጎም ያሳስታል፤ ቢቶቹ የሚጓዙት በሰዓት ልክ ነውና። ቋሚ ያልሆነው የእያንዳንዱ ተጠቃሚ ተራ ነው። በቀድሞው ዘዴ አንድ ተጠቃሚ ቢናገርም ባይናገርም ቦታው ተጠብቆለት በየተወሰነ ጊዜ ይመጣል፤ በዚህኛው ግን የሚልክ ሲኖረው ብቻ ይጫናል። ታክሲ ተራ ያሰለጠነው ተናጋሪ ነገሩን ወዲያው ይይዘዋል፤ ባዶውንም ቢሆን በሰዓቱ የሚነሣ መኪና አለ፣ ተሳፋሪ ሲያገኝ የሚነሣም አለ። ስለዚህ የቀድሞው «በቋሚ ተራ»፣ አዲሱ «ያለ ቋሚ ተራ» የሚተላለፍ ቢባል እንመርጣለን። «ቋሚ» የሚለው እንዳይወድቅ፤ ብቻውን «ተራ» መናኛም ማለት ነውና። ዘዴው በመላው ዓለም ሁሉን ይጠቀልላል የተባለለት ሳይሆን ቀርቶ ቦታውን ለኢንተርኔት አሠራር ለቅቋል፤ ስያሜው ግን በመማሪያ መጻሕፍትና በመሣሪያ ሰነዶች ውስጥ ይገኛልና መፍትሔ ይሻል።

ኢንተርኔት የሚያስተላልፈው መጠኑ ሊለያይ የሚችል «ፓኬት» ነው። «ጥቅል» እንዳንለው አገልግሎት ሰጪዎች ቃሉን ለሽያጭ ወስደውታል፤ «የኢንተርኔት ጥቅል» ሲባል ደንበኛው የሚገዛው የወር ወይም የቀን ድርሻ ነው። በ«ጥቅል» ውስጥ ሚሊዮን ጥቅል ሊኖር ነው። «እሽግ» ግን ነጻ ነው፤ ታሽጎ አድራሻ የተጻፈበትን ነገር ያስታውሳል። ባለ53 ኦክቴቱን ደግሞ ባዮሎጂም የእጅ ስልክም ከሚጋሩት «ሕዋስ» ይልቅ «ቁርጥ እሽግ» ብንለው መጠኑ የተወሰነ መሆኑን ይናገራል፤ «ቁርጥ ዋጋ» እንደምንል።

በመጨረሻ የአጻጻፍ ጉዳይ ይቀረናል። በላቲን ፊደል ቢትና ባይት በትንሹና በትልቁ ፊደል ይለያሉ። የግእዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። «100 ሜ.ቢ.» የሚል ምሕጻር አይተናል፤ ጸሐፊው የትኛውን እንዳሰበ ከምሕጻሩ አይታወቅም። ባይት 8 ቢት ስለሆነ በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚያልፍበት መስመር የሚያሳልፈው 12.5 ሜጋባይት ነው፤ አንድ ፊደል ስምንት እጥፍ ያዛባል። ስለዚህ በውል፣ በፈቃድና በመመሪያ ውስጥ «ሜጋቢት በሴኮንድ» እና «ሜጋባይት» ያለ ምሕጻር በሙሉ ይጻፉ፤ በሠንጠረዥ ውስጥ ቦታ ከጠበበ «ሜጋቢ/ሴ» እና «ሜጋባ» በቂ ናቸው።