ራውተሩ አፕዴት አደረገ፣ ኢንተርኔቱ ጠፋ

ለእረፍት ቤት ስትገቡ ራውተሩን አስተካክሉ የምትባሉት እናንተ ናችሁና ይህችን ያዙ። ባለፈው ክረምት የቤታችን ራውተር ፈርምዌሩን፣ ማለትም የውስጥ ሶፍትዌሩን፣ ካደሰ በኋላ ኢንተርኔት ጠፋ። እኔም ቸኩዬ የሪሴቷን ቀዳዳ በመርፌ ተጫንኩ። የመስመሩ ዩዘርኔምና ፓስወርድ አብሮ ተደመሰሰ፤ አባቴ ውሉን የት እንዳስቀመጠው እስኪያስታውስ ሦስት ቀን ቆየን። (አሳይመንቴ በሞባይል ዳታ ነው የተላከው።)

ስለዚህ ሪሴት የመጨረሻው ነው። አፕዴቱ ገና እየተጫነ ከሆነ ሶኬቱን አትንቀሉ፤ መሃል ላይ ከተቋረጠ ራውተሩ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። መብራቶቹ ከተረጋጉ በኋላ አጥፉትና ግማሽ ደቂቃ ቆይታችሁ አብሩት።

ከዚያ ላፕቶፕ በኬብል አገናኙ። ከሠራ መስመሩ ደህና ነው፣ ችግሩ ዋይፋዩ ጋ ነው። ስልኩ ላይ የድሮውን ኔትወርክ "ፎርጌት" ብላችሁ እንደ አዲስ ግቡ። አዲሱ ፈርምዌር ጥበቃውን ደብሊውፒኤ3 ብቻ አድርጎት ከሆነ ቆየት ያሉ ስልኮች አይገቡም፤ ደብሊውፒኤ2ንም እንዲቀበል አድርጉት።

በኬብልም እምቢ ካለ የራውተሩን ገጽ በብሮውዘር ክፈቱ። አድራሻው ከሥሩ ተለጥፏል፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው። "ዋን" የሚለው ቦታ ላይ የመስመሩ ዩዘርኔም ባዶ ሆኖ ካገኛችሁት ከውሉ ላይ ሞልታችሁ ሴቭ አድርጉ። ፋይበር ላይ "ሎስ" የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ ግን በሴቲንግ አትድከሙ፤ ምልክቱ ራውተሩ ጋ እየደረሰ አይደለም፣ ለአገልግሎት ሰጪው ደውሉ።