በቤት ውስጥ የዓሣ ገንዳ የሚፈጠር ዋቅላሚን መከላከልና ማስወገድ

ዓሣን በመስታወት ገንዳ (አኳሪየም) የሚያኖሩ ግለሰቦችና ተቋማት በተደጋጋሚ ከሚገጥሟቸው ችግሮች አንዱ መስታወቱ፣ ጠጠሩና ውኃው በዋቅላሚ (አልጌ) መሸፈኑ ነው። በዚህ ጊዜ ብዙዎች ውኃውን በሙሉ ደፍተው ገንዳውን በሳሙና ወይም በበረኪና ያጥባሉ። ይህ እርምጃ ዋቅላሚውን ለጥቂት ቀናት ቢያስወግድም መንስኤውን አይፈታም፤ ዓሣዎቹንም ለሞት ሊዳርግ ይችላል።

የችግሩ መንስኤ

ዋቅላሚ እንደ ማንኛውም ዕፅዋት በብርሃንና በንጥረ ምግብ ያድጋል። የዓሣ ኩስና የተረፈ ምግብ ሲበሰብስ አሞኒያ የተባለ መርዛማ ውሕድ ይፈጠራል። በማጣሪያውና በጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት ሲጠራቀም ለዋቅላሚ እንደ ማዳበሪያ ያገለግላል። ስለሆነም የዋቅላሚ መብዛት ብርሃን ወይም ምግብ ከልክ ማለፉን የሚያመለክት ነው።

ጥቂት ዋቅላሚ ጉዳት የለውም። ሲበዛ ግን ሌሊት ከዓሣዎቹ ጋር ኦክስጅን ይሻማል። ዓሣዎች ጎሕ ሲቀድ ወደ ውኃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን የሚከፍቱ ከሆነ የኦክስጅን እጥረት ምልክት ሊሆን ስለሚችል አፋጣኝ እርምጃ ያስፈልጋል።

መወሰድ የሚገባቸው እርምጃዎች

1. ገንዳውን የፀሐይ ብርሃን በቀጥታ ከሚያርፍበት መስኮት ማራቅ፤ የገንዳውንም መብራት በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ብቻ ማብራት።

2. ዓሣዎቹ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ በልተው የሚጨርሱትን ያህል ብቻ መመገብና ትርፉን በወንፊት ማውጣት።

3. በመስታወቱ ላይ የተጣበቀውን ዋቅላሚ ሳሙና ባልነካው ስፖንጅ ማስለቀቅ፤ በጠጠሩ መካከል ያለውን ቆሻሻም በቀጭን ጎማ መምጠጥ።

4. በየሳምንቱ ከውኃው ሩብ ያህሉን መቀየር። በቧንቧ ውኃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ዓሣንና ጠቃሚ ባክቴሪያዎችን ስለሚጎዳ፣ ውኃው ክዳን በሌለው ንጹሕ ባልዲ ለ24 ሰዓት ከቆየና ሙቀቱ ከገንዳው ጋር ከተቀራረበ በኋላ ይጨመራል።

5. ማጣሪያውን ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ማለቅለቅ። በቧንቧ ውኃ ማጠብ ጠቃሚ ባክቴሪያዎቹን ይገድላል።

6. ውኃው ራሱ አረንጓዴ ከሆነ ገንዳውን በጨርቅ ሸፍኖ ለ3 ቀናት ብርሃን መከልከል። በዚህ ጊዜ የአየር መሣሪያው ያለማቋረጥ መሥራት ስላለበት የኤሌክትሪክ መቋረጥ በሚጠበቅባቸው ቀናት ባይጀመር ይመረጣል።

በአዲስ ገንዳ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው ቡናማ ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ስለሚጠፋ ሊያሳስብ አይገባም።

ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

ለዋቅላሚ ማጥፊያ ከሚሸጡ መድኃኒቶች መካከል መዳብ ያለባቸው ቀንድ አውጣን ይገድላሉ፤ ከመጠን ካለፉም ዓሣን ይጎዳሉ። በተጨማሪም በአንድ ጊዜ የሞተ ብዙ ዋቅላሚ ሲበሰብስ ኦክስጅን ይጨርሳል። በመሆኑም መድኃኒት የመጨረሻ አማራጭ ሊሆን ይገባል።

ከገንዳው የሚወጣው ውኃና ዕፅዋት አወጋገድ

ከገንዳ የሚወጣ ዋቅላሚ፣ የውኃ ውስጥ ዕፅዋት ወይም ዓሣ በምንም ምክንያት ወደ ወንዝ፣ ሐይቅ ወይም የጎርፍ መውረጃ ቦይ ሊጣል አይገባም። መነሻው ደቡብ አሜሪካ የሆነው እምቦጭ በአበባው ውበት ምክንያት ለጌጥ ተወስዶ በበርካታ አገሮች የተሠራጨ ዕፅ ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ፣ በ2011 ደግሞ በጣና ሐይቅ መታየቱ ተመዝግቧል፤ በዓሣ ሀብቱና በአሣ አስጋሪዎች ኑሮ ላይ ያስከተለው ጉዳትም የሚታወቅ ነው። አንድ ጊዜ ወደ ሐይቅ የገባን መጤ ዝርያ ማጥፋት እጅግ አዳጋች በመሆኑ ዕፅዋቱን በፀሐይ አድርቆ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ማስወገድ ይገባል። ውኃው ግን መድኃኒት ያልተጨመረበት ከሆነ በንጥረ ምግብ የበለጸገ ስለሆነ በግቢ ውስጥ የሚገኙ አትክልቶችን ለማጠጣት ይጠቅማል።

እነዚህ እርምጃዎች ተወስደው ለውጥ ካልታየ ወይም ዓሣዎች መሞት ከጀመሩ በአቅራቢያ የሚገኝ የዓሣ ሀብት ወይም የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማማከር ይመከራል።